እስኪገነፍል

ሲስተር ትርንጎ፣ ከጤና ጣቢያው በር፣
የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ጥቁር በነጭ ምክር፦
ጥሬ ሥጋ ይቅር።
ያልፈላ ወተት ይቅር።
ሰላጣው ይታጠብ፣ እንቁላሉ ይብሰል።
“አፈር ካማረሽም” አለች ዝቅ ብላ፣ “አትደብቂኝ፤ በብዙዎች ይደርሳል።”

በባጃጅ ስመለስ፣ በሄርማታ በኩል፣
ዝናብ የነካው የጭቃ ግድግዳ ጠረኑ እንደ ትኩስ ቆሎ ሲያባብል
አፌ ውኃ ሞላ። ሰው ግድግዳ ያምረዋል? ቢነግሩኝ ባላመንኩ።
ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ አራት ቦታ አጠፍኩ።

ቤት ስደርስ ደጁ ላይ አዴ መይረም ተቀምጣለች፣
ከጅሬን ዳገት በእግሯ ወርዳ፣ ቅሏን ታቅፋለች።
“የቡሬ ነው” አለች፣ “አሁን ነው ያለብኳት፣
ገና የጡቷ ሙቀት አለበት።
ጠጪ እንጂ! በቡሬ፣ በእናቷም፣ በአያቷም ወተት
ሰባት አሳድጌአለሁ። እሳት ካየ ወዲያ፣ ወተት ስሙ ነው የሚቀርለት።”

ምን ልበላት?
አምና፣ በሦስተኛው ወር፣ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት፣
አንሶላዬን ይዛ የወጣችው እሷ ናት።
ከአዌቱ ማዶ አጥባ፣ ሳትጠይቀኝ አንድ ቃል፣
አስጥታ፣ አጥፋ መለሰችው፤ ዛሬም አልጋዬ ላይ ነው፣ ንጹሕ ይመስላል።
እንዲህ ያለች ሴት ያመጣችውን ከእጇ ተቀብሎ
እሳት ላይ መጣድ፣ ፊት ለፊቷ፣ “አላምንሽም” ብሎ?

“እጠጣዋለሁ” አልኳት፤ ዋሸሁ።
ሦስት ቀን ተቀበልኩ፣ አመሰገንኩ፣ ለድመት አፈሰስኩ።
ድመቷ ወፈረች።
ውሸቴ ግን ሆዴ ውስጥ፣ ከልጁ ጎን አደረች።

ሸምሱን ጠየቅኩት። “አንቺ እንዳልሽ” ብሎ ዞሮ ተኛ።
“አንቺ እንዳልሽ” ከባድ ነው፤ ብትሳሳቺ ብቻሽን ነሽ ዳኛ፣
ብቻሽን ተከሳሽ።
እሱ ግን እሁድ እሁድ፣ አጂፕ ካለው ሥጋ ቤት፣ ከነ ሙስባህ ጋር ሲመለስ፣
ሚጥሚጣው ጣቱ ላይ ቀርቶ ይመጣል።
ምራቄን እየዋጥኩ አየዋለሁ፤ ከሰው ጣት ሁሉ ያ ጣት ያምረኛል።

ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩ። ወረቀት
የቡሬን ስም አያውቅም፣ የአንሶላውን መታጠብ አያውቅም፣ የጅሬንን መሬት።
ወረቀት ስለ ሁሉም ሴት ነው፤ እኔ አንድ ነኝ።
አምና ግን ምን እንደነጠቀኝ፣ ወረቀቱም፣ አዴ መይረምም አልነገሩኝ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ገበያተኛው ወደ መርካቶ ሲተም፣
መጣች። ቅሏን ተቀበልኩ። ክብሪት ጫርኩ እንጂ አልተናገርኩም።
ድስቱን ጣድኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል።
ወተቱ አይቸኩልም፤ ዳር ዳሩን ብቻ ያንሾካሹካል።
እሷ ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ላይ ዝም፣
እኔ ማማሰያ ይዤ ዝም።

ሲገነፍል ብድግ ብላ በቀሚሷ ጫፍ ድስቱን አነሳች፤
ምድጃው ላይ የፈሰሰውን እያየች፣ ቀስ ብላ ጀመረች፦
“ሰባት አሳደግኩ አልኩሽ እንጂ፣
ሰባት ወለድኩ መች አልኩሽ፣ ልጄ?
ዘጠኝ ነበሩ።
ሁለቱ ከባሕር ዛፉ ሥር ናቸው፤ ስም ሳይወጣላቸው ቀሩ።
ወተቱ ይሁን፣ ወባው ይሁን፣ የአላህ ቀጠሮ ይሁን፣
ያኔ ማን ጠይቆ፣ ማን ጽፎ ሰጥቶን?”

ብርጭቆውን እፍ እፍ ብላ አቀበለችኝ።
የቅሉ ወይራ፣ የማውቀው ጭስ፣ ከምላሴ ጠፋብኝ፤
ስስ ቆዳው ከንፈሬ ላይ ተለጠፈ።
ጠጣሁት። ደህና ነው። ለአንድ ጠዋት፣ ለአንድ ብርጭቆ፣ አለፈ።
አራት ወር ይቀረኛል፤ ዋስ የሚሆነኝ የለም።

ነገም ቅሏን ይዛ ትመጣለች፤ እኔም ድስት እጥዳለሁ።
የግድግዳውን ነገር ሰኞ ለሲስተር ትርንጎ እነግራታለሁ።
ሥጋው? ሸምሱ እሁድ ይሂድ፤ አልከለክለውም።
ብቻ ሳይታጠብ ይምጣ፣ ጣቱን ላሽትተው፤
ማሽተት ወረቀቱ ላይ የለም።